ጭድና ጭቃ፦ ሳይዘጋጁ የመናገር ልምምድ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን

ይህን ማስታወሻ የጀመርሁት በአንድ ሠልስት ላይ ባጋጠመኝ ነገር ምክንያት ነው። በሰፈራችን እድር በጸሐፊነት ካገለገልሁ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ሥራዬም መዋጮ መመዝገብ፣ ከቀብር የቀረውን በቅጣት መዝገብ ላይ ማስፈር፣ ድንኳኑና ወንበሩ ተቆጥሮ ወጥቶ ተቆጥሮ መመለሱን መከታተል ነው እንጂ ቆሞ መናገር አይደለም። ባለፈው መስከረም ግን ሊቀ መንበሩ ታመው ስለ ቀሩ ሽማግሌዎቹ ለቤተ ሰቡ የማጽናኛ ቃል እንዳሰማ ድንገት አስነሡኝ፤ እኔም በድንኳኑ መካከል፣ ጥቁር በለበሱት የሟቹ ልጆች ፊት ቆሜ፣ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ብዬ ጀመርሁ። ከዚያ በኋላ ያልሁትን አላስታውስም።

ነገሩን ያባሰው ማንም ሰው አለመሳቁ ነው። የተሳሳተ ሰው ቢሳቅበት ይቀልለዋል፤ ዝም ሲባልለት ግን ስሕተቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ሌሊቱን ሳሰላስል ያደርሁት ግን ኀፍረቱን ብቻ አልነበረም፤ እንጀራዬ ሒሳብ ስለ ሆነ ጉድለቱ ከየትኛው መስመር ላይ እንደ መጣ ማወቅ ፈለግሁ። ሟቹን አውቃቸው ነበር፤ በበሬያቸው ለጎረቤት አርሰው የሚመለሱ ሰው እንደ ነበሩም አውቃለሁ፤ የምናገረው አላጣሁም። የጎደለኝ ሐሳብ ካልሆነ ምን ነበር? ይህን ለማወቅ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ለአሥር ሳምንት ሰው ሰብስቤ እለማመዳለሁ፤ የሆነውንም ሳልቀባባ እዚህ እጽፋለሁ።

ሰባት ሆነናል። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አንዲት ነርስ፣ አንድ ግንበኛ፣ ቅኔ ቤት ቆይቶ የመጣ ዲያቆን፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪና ገበያ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ የሚነግዱት እትዬ ይከተላሉ፤ ሰባተኛው እኔ ነኝ። የምንሰበሰበው በእድሩ ዕቃ ቤት፣ በተጠቀለለው ድንኳንና በተደራረበው ወንበር መካከል ነው። ዕቃችንም አንድ ክዳን ያለው ሙዳይ፣ በውስጡ 60 የተጣጠፉ ወረቀቶች፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክና አንድ የሒሳብ መዝገብ ብቻ ነው።

ወረቀቶቹን ስጽፍ አንድ ነገር ወስኛለሁ። «ሰላም»፣ «ፍቅር»፣ «አንድነት» የሚሉትን አላስገባሁም፤ እነዚህ ሲወጡ ሰው የሚናገረው የራሱን ሳይሆን በትምህርት ቤት በሰንደቅ ዓላማ ሥር ቆሞ የሸመደደውን ነው። ያስገባሁት «ምሰሶ»፣ «ጃንጥላ»፣ «ማበጠሪያ»፣ «የተዋሱት ወንፊት» የሚሉትን ነው። ሕጉ ደግሞ ወረቀቱን ያወጣ ሰው ጮክ ብሎ አንብቦ፣ አሥር ሰከንድ ቆይቶ፣ እስከ ሁለት ደቂቃ እንዲናገር ነው። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1924 በካሊፎርኒያ ሳንታ አና ከተማ የተጀመረው ቶስትማስተርስ የተባለው የንግግር ማኅበር አባላቱን ባልተዘጋጁበት ርእስ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ያናግራል፤ በአንድ ደቂቃ አረንጓዴ፣ በአንድ ደቂቃ ተኩል ቢጫ፣ በሁለት ደቂቃ ቀይ ምልክት ይታያል። እኛም ሦስት ባለ ቀለም ካርቶን ቆርጠናል።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ከሰባታችን ስድስቱ ተናገርን። እትዬ ወረቀቱን ካወጡ በኋላ «እኔ ዛሬ ሰሚ ነኝ» ብለው ወደ ሙዳዩ መለሱት፤ አላስገደድናቸውም። ተማሪው «ማበጠሪያ» ወጥቶለት በ34 ሰከንድ ጨርሶ ተቀመጠ። ነርሷ ስለ «ቁልፍ» ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳታቋርጥ ተናገረች፤ ስትናገር የተዋጣላት ትመስላለች፣ ከተቀመጠች በኋላ ግን ምን እንዳለች መልሶ ሊነግረን የቻለ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። ከሁሉ የገረመኝ ግንበኛው ነው። «ምሰሶ» የሚለው ሲደርሰው በሥራው ስለ መጣለት ደስ ብሎት ተነሣ፤ ከሁላችን የባሰ የተደናበረውም እሱ ሆነ። የሚያውቀው ስለ በዛበት በየት በኩል እንደሚገባበት ጠፋው።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ ማታ

ሦስት ማታ ተቀምጬ የተቀዳውን እያቆምሁና እየመለስሁ ቃል በቃል ወደ መዝገቡ ገለበጥሁ። የሁለት ደቂቃ ንግግር ለመገልበጥ 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅብኛል፤ ጆሮ ሐሳቡን ለመያዝ ሲል ሌላውን ሁሉ ይጥላልና፣ የተጣለውን ለማንሣት አንዷን ዐረፍተ ነገር አራትና አምስት ጊዜ መስማት ግድ ነው። የእኔ ዕጣ «ጃንጥላ» ነበር። አጀማመሩ እንዳለ ይህ ነው፦

«እእ… ጃንጥላ ማለት፣ ያው፣ እንትን ነው፣ ማለቴ፣ ዝናብ ሲዘንብ… እእ… እኛ ደብረ ብርሃን፣ ያው፣ ዝናብ ብቻ ሳይሆን፣ ምን ይባላል፣ ነፋሱም አለ ማለት ነው፤ በቃ፣ ነፋሱ ሲመጣ ጃንጥላውን ይገለብጠዋል ማለት ነው።»

በእርሳስ እያሰመርሁ ስቆጥር በዚች ቁራጭ ውስጥ ብቻ ምንም ሥራ የሌላቸው አሥር ነገሮች አገኘሁ። መቁጠሪያዬ ቀላል ነው፤ ቃሉ ወጥቶ ዐረፍተ ነገሩ ሳይጎድልበት ከቆመ ይቆጠራል፣ ከጎደለበት አይቆጠርም። «ጃንጥላ ማለት» ላይ ያለው «ማለት» ትርጉም ሊሰጥ የገባ ስለ ሆነ አልፌዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለውን «ማለት ነው» ግን ሁለቱንም ቆጥሬዋለሁ። በሁለቱ ደቂቃ 148 ቃል ተናግሬ 31ዱ እንዲህ ያሉ ናቸው። የሚያስደንቀው አሥሩን ሰርዤ የቀረውን ሳነብ ሐሳቡ ጤነኛ ሆኖ መገኘቱ ነው፤ እዚህ አገር ጃንጥላን የሚጎዳው ከዝናቡ ይልቅ ነፋሱ መሆኑ እውነት ነው።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

መዝገቡን ለሁሉም አነበብሁላቸው። ተማሪው በሳቅ ሞተ፣ ነርሷ ተቀየመች። ግንበኛው ግን ጥቂት አሰበና «ይህማ ጭድ ነው» አለ። አብራራልንም፦ ጭቃ ያለ ጭድ ከመረጉት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድ ከበዛበት ደግሞ ግድግዳው አይይዝም፣ እጅ ሲያርፍበት ይረግፋል፤ ስለዚህ ጥያቄው ጭድ ይኑር አይኑር ሳይሆን ስንት እፍኝ ይግባ የሚለው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስሙ ጭድ ሆኗል፤ እኔም በመዝገቡ ላይ «ጭ» የሚል ዓምድ አስምሬለታለሁ።

ካርቶኖቹ አልሠሩልንም። ተማሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያነሣቸው የተናጋሪው ዐይን ከሰዎቹ ተነቅሎ እነሱ ላይ ይተከላል፤ ቢጫው ሲወጣ ሁሉም እንደሚባረር ሰው ይፈጥናል። እትዬ «በሲኒ አታደርጉትም?» አሉና ሲኒውን በማንኪያ መታ አደረጉ። አንድ ምት ለአንድ ደቂቃ፣ ሁለት ምት ለአንድ ተኩል፣ ሦስት ምት ለማብቂያ አደረግነው፤ ዐይን አይሰርቅም።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ጭዱ ለምን እንደሚገባ ሳነብ አመሸሁ። የንግግር ተመራማሪዎች በብዙ ቋንቋዎች ላይ እንደ ለኩት፣ ሁለት ሰዎች ሲጨዋወቱ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር የሚያልፈው ጊዜ በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። አንዲት ቃል እንኳ አስቦ ከአፍ ለማውጣት ግን ከዚህ ከእጥፍ በላይ ጊዜ ያስፈልጋል። ታዲያ እንዴት እንደርሳለን? የምንደርሰው ሌላው ገና ሲናገር የራሳችንን መልስ እያሰናዳን ስለሆነ ነው።

ይህን ሳነብ መስከረም ላይ የሆነው ነገር ግልጥ አለልኝ። በጨዋታ ጊዜ የማስበው በሌላው ሰው ድምፅ ተከልዬ ነው፤ ድንኳን መካከል ብቻዬን ስቆም ግን የምከለልበት የሰው ድምፅ የለም፤ ስለዚህ «እእ» እና «ያው» እያልሁ ራሴው ለራሴ መጋረጃ እሆናለሁ። ጭድ የድንቁርና ምልክት ሳይሆን የመጋረጃ እጦት ነው ብዬ ጽፌያለሁ፤ ትክክል መሆን አለመሆኔን ደግሞ በሥራ ላይ አየዋለሁ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

መብራት ጠፍቶ አንድ ሻማ አብርተን አምስት ሆነን ተሰበሰብን። ከቅጂው ላይ ያልጠበቅሁትን ነገር አገኘሁ፤ የአምስታችንም ጭድ ቀንሷል፣ የእኔ ወደ 19 ወርዷል። በጨለማው ውስጥ ቃል ሲጠፋን «እእ» ከማለት ይልቅ ዝም እያልን ቆይተን ቀጥለናል። ዐይን የማያይ ሰው ዝምታው አያስፈራውም መሰለኝ። ዝምታዎቹን ለካሁ፤ ከሁሉ የረዘመው የእኔ ነበር፤ ለእኔ የዘላለም ያህል መስሎኝ ነበር፤ በሰዓት ሁለት ሰከንድ ተኩል ሆኖ ተገኘ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ጋሼ አንድ ልክ ሰጡን፦ ማንኛውም ነገር ሲወጣ መጀመሪያ ትናንት እንዴት እንደ ነበር፣ ቀጥሎ ዛሬ እንዴት እንደ ሆነ፣ በመጨረሻ ነገ ምን እንደሚሆን መናገር። እንደ ማስረጃም በ16ኛው መቶ ዘመን የጣሊያን ተጓዥ ተዋንያን ያለ ተጻፈ ቃለ ተውኔት ሲጫወቱ፣ የታሪኩን አጽም ብቻ ጽፈው ከመድረኩ በስተ ኋላ ይሰቅሉት እንደ ነበር ነገሩን። ቃሉ የዕለቱ ነው፣ አጽሙ ግን ተሰቅሏል።

ሠራ፤ ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ደቂቃ ተኩል ደረሰ። ችግሩ ደግሞ ወዲያው ታየ። አምስተኛው ተናጋሪ «ትናንት ወንፊት…» ሲል ሁላችንም ዛሬና ነገ ሲመጡ ቆጥረን ጠበቅናቸው። በአንድ ልክ የተጋገረ ዳቦ አንዱ ከሌላው አይለይም፤ እትዬም ከጥግ ሆነው «ምነው ሁላችሁም አንድ ሰው ሆናችሁ?» አሉ። እሳቸው ዛሬም አልተናገሩም።

ኅዳር 14፣ እሑድ፣ ከመንዝ መልስ

ዐርብ ኅዳር ሚካኤል ስለ ነበር ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ወዳለው የእናቴ አገር ለጽዋ ማኅበር ሄጄ ዛሬ ተመለስሁ። የሄድሁት ለዝክሩ ነው እንጂ ለዚህ ሥራ አልነበረም፤ የፈለግሁትን ያገኘሁት ግን እዚያ ነው።

ከተበላና ከተጠጣ በኋላ በርኖስ የደረቡ አንድ አዛውንት በዱላቸው ተደግፈው ለምርቃት ተነሡ፤ ሰዎቹም በየተቀመጡበት እጃቸውን ዘረጉ። ምርቃት ስሰማ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ እንደ ሥራ ግን አዳምጬው አላውቅም ነበር። አዛውንቱ አንድ አጭር ቃል ይላሉ፤ ሰዉ «አሜን» ይላል፤ ጥቂት ቆይተው ሌላውን ይላሉ። በለሆሳስ ቆጠርሁ፤ ከአንዱ ቃላቸው መጨረሻ እስከ ተከታዩ መጀመሪያ ሦስት ሰከንድ ያህል ያልፋል። በእኛ ዕቃ ቤት ሦስት ሰከንድ ዝም ያለ ሰው ላብ ያጠምቀዋል፤ እሳቸው ግን ሦስቱንም ሰከንድ በሰዉ «አሜን» ተከልለው ቀጣዩን ይመርጣሉ። አንዲት «እእ» አልሰማሁም።

መንገዱም የተሠራ ነው። ከፈጣሪ ስም ይነሣሉ፣ ወደ ባለ ቤቶቹ ይወርዳሉ፣ ከዚያ ወደ ከብቱና ወደ አዝመራው፣ ከዚያ ወደ ልጆቹ፣ ከዚያ ወደ አገሩ ይሄዱና በሰላም ያሳርጋሉ። በዚህ መንገድ ላይ ግን የሚያስቀምጡት የዕለቱን ነው። «ውርጭ የመታውን ባቄላ በገብሱ ይካሳችሁ» አሉ፤ ባቄላው የተመታው በዚያው ሳምንት ነበር። «ባሕር ማዶ ያለችውን ልጅ በደጃችሁ ያቁማት» ሲሉ ባለ ቤቲቱ ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ወሰደች፤ «አሜን» የሚለውም ድምፅ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ረዘም አለ፤ አዛውንቱም እስኪያልቅ ጠበቁት። በጋሼ ልክ እኛ አንድ ሰው የሆንነው ልኩን ራሱን ስለ ተናገርነው መሆኑ እዚህ ላይ ገባኝ፤ እሳቸው «አሁን ወደ ከብቱ ልሂድ» አይሉም።

በኋላ ጠጋ ብዬ «አባባ፣ ምን ማለት እንዳለብዎት አስቀድመው አስበውት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምኑን አስበዋለሁ ልጄ? ፊታቸውን እያየሁ ነው» አሉኝ። በስልኬ ልቅዳዎት ብላቸው ግን አልፈቀዱም፤ «ምርቃት የተቀበለው ሰው ነው እንጂ የሣጥን አይደለም» አሉ። ስለዚህ ከእጄ ያለው ማስታወሻዬ ብቻ ነው።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

የመንዙን ለጓዶቼ ነገርኋቸው፤ አዳማጩ በየዐረፍተ ነገሩ ማብቂያ «ይበል» እንዲል ተስማማን። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ተማሪው ስለ «ድመት» ሲናገር «ይበል» የሚለው ሁሉ ሳቅ ሆነ። በሁለተኛው ዙር በጎሮሯችን «እህ» ማለት ብቻ ይበቃል አልን፤ ይህ ሠራ፤ ሰው እቤቱ ተረት ሲሰማ የሚያደርገው ነውና አያስቅም።

ዲያቆኑ ዛሬ ብዙ ተናገረ። በቅኔ ቤት ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ጉባኤ ቃና የተባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ክብር ይእቲ አራት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ትናንት የተባለው ግን ዛሬ አይደገምም። ጀማሪው ብቻውን ወጥቶ ቅኔውን ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያበጅ፣ ውሎ ለመምህሩ ይነግራል፤ እየቆየ የበረታው ሳይዘጋጅ ቆሞ ቅኔ ይዘርፋል። በማኅሌት ላይም ባለ ቅኔው ሲያቀብል ተቀባዩ ቃሉን ተቀብሎ በዜማ ያሰማዋል። «ተቀባዩ ሲያሰማ ባለ ቅኔው ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅሁት። ፈገግ አለ፤ «እኔስ ብሆን ቀጣዩን ቤት ስጠግን ነበር» አለኝ።

ግንበኛው ወዲያው አዝማሪውን አነሣ። ሠርግ ላይ አንዱ ተነሥቶ «ተቀበል!» ሲል ግጥሙን የሚሰጠው ታዳሚው ነው፤ አዝማሪው ያችኑ ተቀብሎ ሲዘፍናትና በማሲንቆው ሲያዞራት ታዳሚው ሁለተኛዋን ያበጃል። ሦስቱም ነገሮች፣ ምርቃቱም፣ ቅኔውም፣ የአዝማሪውም ጨዋታ፣ ብቻውን የሚናገር ሰው እንዳይኖርባቸው ተደርገው የተሠሩ ናቸው። እኛ ብቻ ሰውን አቁመን ሁለት ደቂቃ ዝም ብለን እናየዋለን።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

እንካ ስላንትያ ተጫወትን። ነርሷ ልጅነቷን አስታውሳ ጀመረች፦

— እንካ ስላንትያ።
— በምንትያ?
— በማሰሮ።
— በማሰሮ ምን አለህ?
— ቃል አጥሮህ ቀረ ወይ፣ እንዳምናው ዘንድሮ?

ይህን የተወረወረባቸው ጋሼ ናቸው፤ ጨዋታው ታላቅና ታናሽ ስለማያውቅ አልተቀየሙም፤ መልሱ ግን ጠፍቷቸው «ገምቦ… ገምቦ…» እያሉ ቀሩ። ልብ ያልሁት «በምንትያ?» የሚለው ጥያቄ ምንም አዲስ ነገር የሌለበት መሆኑን ነው፤ መልሱ የታወቀ ነው፣ የሚጠቅመውም ጊዜ ለመግዛት ብቻ ነው። ልጆች ይህን ማን እንዳስተማራቸው አይታወቅም።

ዛሬ እትዬ ተናገሩ። ወረቀት አላወጡም፤ ነርሷ የሰደበቻቸውን ስድብ ተቀብለው በብርድ ልብስ ቤት መቱና መለሱላት፤ ግጥሙን እዚህ አልጽፈውም።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ቁጥሩ ብቻ። እኔ፦ 139 ቃል፣ 11 ጭድ። ነርሷ፦ ቃሏ ከ210 ወደ 150 ወረደ፤ ያለችውን ግን ሁላችንም መልሰን ነገርናት። ተማሪው፦ 9። ግንበኛው፦ 17፤ «ለእኔ ግድግዳ ይበቃል» አለ፤ እውነቱን ነው፣ ንግግሩ ያምራል። ዲያቆኑ መቁጠሩን አልወደደውም፤ መልሼ ሳስብበት እኔም ከዚህ በታች ለመውረድ መድከሙ የማይጠቅም መስሎኛል። ሦስት ጭድ ብቻ ያለበትን የጋሼን ንግግር ስንሰማ መጽሐፍ የሚነበብልን መስሎን ሁላችንም ደክሞን ነበር።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ከንግግር ወደ ጨዋታ ተሻገርን፤ ሁለት ሰዎች ያለ ቃለ ተውኔት አንድ ትዕይንት እንዲጫወቱ ነው። ወረቀቱ «የጠፋ በግ» የሚል ሲሆን ግንበኛውና ተማሪው ደረሳቸው። ግንበኛው «በጌ በረትህ ገብቷል» ብሎ ጀመረ፤ ተማሪው «በረት የለኝም» አለ። ነገሩ እዚያው ሞተ። ግንበኛው «እሺ፣ ጓሮህ» አለ፤ «ጓሮም የለኝም»። ልጁ የሚከራከር መስሎት ነው፤ ያደረገው ግን የተሰጠውን ሁሉ መጣል ነው። ይህን ሥራ በመድረክ ላይ ሙያ ያደረጉት ሰዎች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1959 በቺካጎ የተቋቋመው የሴከንድ ሲቲ ቡድን ተዋንያን፣ ባልደረባህ የሰጠህን ነገር ተቀብለህ ጨምርበት እንጂ አታፍርስበት የሚል ሥርዓት አላቸው። እትዬ ይህን ሲሰሙ «ተቀበል ነዋ!» አሉ፤ ሌላ ትርጉም አላስፈለገንም።

በሁለተኛው ሙከራ ተማሪው «ገብቷል፤ እንዲያውም ጥጃዬን አስኮብልሎ ሊወስድ ሲል ያዝሁት» አለ። ግንበኛው ጋቢውን አጣፍቶ ዱላ ይዞ ተነሣ፤ ከአያቱ የሰማውን የበላ ልበልሃ ሙግት እያስመሰለ ስለ በጉ ጠባይ ምስክር ሊያቆም ጠየቀ፤ ጋሼ ሳይጠሩ ዳኛ ሆነው ገቡ፤ 11 ደቂቃ ሙሉ ሄደ። ሲኒ መምታቱን ረሳነው። እኔም መቅዳቱን ረስቼዋለሁ፤ ስለዚህ የዚህ ቀን ዓምድ ባዶ ነው።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

ዛሬ በሰፈራችን ሠልስት ነበር። ሊቀ መንበሩ ደኅና ናቸው፣ ድንኳኑ ውስጥም ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌዎቹ «ጸሐፊ፣ አንተ በል» ያሉት ሆን ብለው ይሁን አይሁን አላውቅም። ሟቿ ጠጅ በመጣል የታወቁ እናት ናቸው። በሰባት ሳምንት ውስጥ የቆጠርሁት ሁሉ ከራሴ ጠፋ፤ የቀረልኝ የመንዙ አዛውንት ቃል ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ፊታቸውን አየሁ። ታናሽየው ልጅ የእናቱን ጋቢ ደርቦ ነበር።

«ነፍስ ይማር» አልሁ። «ይማር» አሉ። በዚያች «ይማር» ውስጥ ተከልዬ የሚቀጥለውን አገኘሁት፤ ጋቢውን አነሣሁ፣ ያንን ጋቢ ለብሰው በብርድ ሌሊት ለስንት ወላድ እንደ ተነሡ ተናገርሁ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልሁ፤ «አሜን»። ከዚያ ወደ ልጆቹ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ሄድሁ። አንድ ቦታ ላይ ቃል ጠፋኝና ዝም አልሁ፤ አንዲት ሴት «እህ» ብላ ተቀበለችኝ፤ ቀጠልሁ። ሁለት ጊዜ «ያው» ማለቴን አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይም ብዬ ይሆናል፣ በሠልስት ላይ ስልክ አውጥቶ መቅዳት ነውር ስለ ሆነ መዝገብ የለኝም። መጨረሻውን አበላሸሁት፤ ማቆሚያው ስላልመጣልኝ «በመጨረሻም» ብዬ ከጀመርሁ በኋላ ሦስት ነገር ጨመርሁ።

ስወጣ ሊቀ መንበሩ ክንዴን ያዝ አድርገው «ድንኳኑ እሑድ ይመለሳል፤ ሁለት ካስማ ጎድሏል፣ ጻፈው» አሉኝ። ጻፍሁት።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

አሥረኛው ቅዳሜ ነው፤ ለማቆም ያሰበ ሰው ግን አልነበረም። ከ60ው ወረቀት 14 ቀርተዋል፤ ገና ሊደርስ ስለ ሆነ ለቀጣዩ ቅዳሜ 20 አዳዲስ ጻፍን፤ «የገና ዱላ»፣ «ካስማ»፣ «ውርጭ»፣ «የጎረቤት ዶሮ»። ንግግርን መዝጋት እስካሁን የማንችል እኔና ነርሷ ነን፤ ስለዚህ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ተናጋሪው ወረቀቱን ካነበበ በኋላ በአሥሩ ሰከንድ ውስጥ የመጀመሪያውን ሳይሆን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር እንዲያስብ እንሞክራለን። ሲኒውን መምታት ለእትዬ ተሰጥቷል።